ድንጋዩ ከደቀቀ በኋላ

ሸህ ኑርሁሴን ሕመማቸውን ብዙ ዘመን «ወገቤን» እያሉ ነው የኖሩት። ከመካነ ሰላም በስተምዕራብ፣ አገሩ ወደ ዓባይ ቆላ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ባለችው ጋራ ሥር በምትባል ጎጥ ቁርኣን ያስቀሩ ነበር። ማስቀራት ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። ከሱብሂ ሶላት በኋላ መደቡ ላይ ከተቀመጡ ፀሐይ እስክትከር ደረሶቹ እየተፈራረቁ ፊታቸው ይቀመጣሉ፣ እሳቸው አይነሱም። ውሃም ብዙ አይጠጡም። ውሃ የጠጣ ሰው ይነሳል፣ ውጭ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ታጥቦ ውዱእ ያድሳል፣ እሱ ውዱእ እስኪያድስ ተራው የደረሰው ደረሳ የቁርኣን ሰሌዳውን፣ ሉሁን፣ ታቅፎ በብርድ ይጠብቃል። ይህን ስለሚያስቡ ጥማቸውን ችለው መዋል ለምደው ነበር። ወገባቸውን ሲያማቸውም «ከመቀመጥ ነው» ይላሉ። ሚስታቸው ኑርጃን በሞቀ ጨርቅ ታሽላቸዋለች፤ ሕመሙ ሁለት ሦስት ወር ይተዋቸዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል።

ለሰው የሚያቀሉ ሸህ ነበሩ። ረመዳን ሲቃረብ የታመመው፣ የምታጠባዋ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ መንገድ ያለበት ሁሉ ሊጠይቃቸው ይመጣል። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ብላ። አላህ ያቀለለውን አንተ ለምን ታከብደዋለህ? ሲሻልህ ቀኑን ትተካለህ፤ የማይሽር ከሆነ ሚስኪን ታበላለህ።»

አጥሩ ከአጥራቸው የተያያዘው ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ካሳ ይህን በሰማ ቁጥር ይስቃል። «እኛም ሁዳዴ ላይ እንደ አንቱ ያለ ቄስ ባገኘን» ይላቸዋል። ካሳ በዕድሜ ያንሳቸዋል፤ ቢሆንም በሬ የተቀናጁ፣ ሐዘንና ሠርግ ያልተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ለራሳቸው ግን አያቀሉም። አንድ ዓመት ትኩሳት ይዟቸው እየተንቀጠቀጡ፣ በምርኩዝ ለጁምዓ መካነ ሰላም ድረስ በእግራቸው ሄደዋል። ኑርጃን «በሽተኛ ቤቱ ይስገድ እያሉ የሚያስተምሩ አንቱ አይደሉም?» ስትላቸው «እኔ በሽተኛ አይደለሁም፣ ብርድ ነው» ብለዋታል። ሌላው ሲታመም በአንድ እይታ ያውቁታል። የራሳቸውን ሕመም ግን ሕመም ብሎ መጥራት ይከብዳቸው ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ከገበያ ሲመለሱ ሕመሙ መንገድ ላይ ጣላቸው። እንደ ወትሮው ያለ የወገብ ቁርጥማት አልነበረም። ከግራ ጎናቸው ተነስቶ ወደ ብሽሽታቸው የሚወርድ፣ መቀመጥም መተኛትም የሚከለክል ነገር ነው። ካሳ ከኋላ በቅሎውን እየነዳ ሲደርስ ከመንገዱ ዳር በእንብርክካቸው ሆነው ሲያስመልሳቸው አገኛቸው። በበቅሎው ላይ ደግፎ አስቀምጦ ወደ ከተማ መለሳቸው። ጤና ጣቢያው ማስታገሻ ወግቶ ወደ ደሴ ላካቸው። ደሴ ላይ ያያቸው ሐኪም በግራ ኩላሊታቸው ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ድንጋይ እንዳለ ነገራቸው።

«ወይ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ወይ አዲስ አበባ ከውጭ ሆኖ በንዝረት የሚያደቅ ማሽን አለ፣ እዚያ ይሄዳሉ» አላቸው።

ኑርጃን ከሁለቱ አንዱን ስትሰማ ሌላውን አልሰማችም። እናቷ ሆዷ ተቀዶ ነው የሞተችው። መርካቶ ጨርቅ መደብር የምትሠራው ልጃቸው መርዋ በስልክ «እዚህ አምጧቸው፣ ቢላ የሚባል የለም» ስትል ነገሩ አለቀ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይበላው፣ ሸሁ ብቻቸውን አውቶቡስ ተሳፍረው አዲስ አበባ ገቡ። ኑርጃን ቤቱንና ደረሶቹን ይዛ ቀረች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ሸሁ መጀመሪያ ዓይናቸውን ከሷ አሽሽተው ነበር፤ ስታናግራቸው ግን ድምፅዋ ረጋ ያለ፣ የማትቸኩል ሆነችባቸውና ልባቸው አረፈ። ጠረጴዛው ላይ በጀርባቸው አስተኟቸው። በግራ ጎናቸው ሥር ውሃ የተሞላ ለስላሳ ትራስ የመሰለ ነገር ገባ። ከዚያ ማሽኑ መምታት ጀመረ። ድምፁ ችካል የሚቸክል ሰው ድምፅ ነበር፤ አያቋርጥም፣ አይፈጥንም። እያንዳንዱ ምት ቆዳቸውን እንደ ላስቲክ እየነደፈ ወደ ውስጥ ይገባል። ማደንዘዣ ቢወጉም ይሰማቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ያሲን የሚባለውን ሱራ በልባቸው ቀሩ፤ ጨርሰው እንደገና ጀመሩ፤ ሁለተኛውን ሳይጨርሱ «አለቀ» አሏቸው።

ተነስተው ሽንት ቤት ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው ተለውጧል። መርዋ ደንግጣ ያዘቻቸው።

«ደም ነው» አሉ። «ደም ሸናሁ።»

ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው። ደሙ የሚጠበቅ ነው፤ ለጥቂት ቀን ይኖራል፤ እየቀጠነ ይጠፋል። ጎናቸው ላይ የወጣው ቀይ ምልክት እንደ ምታት ይበልዛል፣ እሱም ይለቃል። ፍርስራሹ ሲወርድ ያማቸዋል፣ አንዳንዴ ሊያስመልሳቸው ይችላል፤ ለዚህ መድኃኒት ሰጠቻቸው። ቀጥላም ድምፅዋን ጠንከር አደረገች።

«አሁን የምነግርዎትን ግን ከዚያኛው ጋር እንዳያምታቱት። ትኩሳት ከመጣ፣ ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ሽንት ከቀነሰ ወይ ከቆመ፣ ይህ የሚጠበቅ አይደለም። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ውሃ ደግሞ በብዛት፣ ቀኑን ሙሉ። ፍርስራሹን የሚያወርደው ውሃው ነው። በሁለት ሳምንት ተመልሰው ይምጡ፣ በራጅ አየዋለሁ።»

ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ረመዳን እየመጣ ነው» አለች ሐኪሟ። «ዘንድሮ እንዳይጾሙ።»

«ኢንሻአላህ» አሉ ሸሁ።

መርዋ የአባቷን ኢንሻአላህ ታውቀዋለች። ለሰው ሲሉት እሺ ማለት ነው፤ ስለ ራሳቸው ሲሉት ግን ነገሩን መዝጊያ ነው። አፏ ላይ የመጣ ነገር ነበር፤ በሐኪሟ ፊት አባቷን መጋፋት ነውር ሆነባትና ዋጠችው።

ጋራ ሥር ሲመለሱ ሰው ሁሉ ሊያያቸው መጣ። ያለ ቢላ ድንጋይ መስበር አጃኢብ ነበር። ሽንታቸው ሐኪሟ እንዳለችው በጥቂት ቀን ጠራ። በጨርቅ እያጠለሉ ሲያዩት አሸዋ የመሰለ ቡናማ ደቃቅ ነገር ይወርዳል። ኑርጃን ጨርቁን ወደ ብርሃን አውጥታ ስታየው «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ የካሳን ሚስት ብርሀንነሽን ሳይቀር ጠርታ አሳየቻት። ጎናቸው ላይ የነበረው ብልዝ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ዞሮ ጠፋ። ሕመሙም ጠፋ። ከብዙ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲያወልቁ አላቃሰቱም።

ረመዳን ነሐሴ አምስት ቀን ገባ። በዋዜማው ኑርጃን ውሃውን አፍልታ አቀዝቅዛ በጀሪካን ሞልታ አጠገባቸው አኖረች። መርዋ በስልክ ነግራታለች። ስልክ በጎጡ አይሠራም፤ ለመደወል ወደ ጋራው አናት መውጣት ያስፈልጋል፤ ኑርጃን በዝናብ ወጥታ ነው የሰማችው።

«ይህን ለነገ ነው ያኖርሁት» አለቻቸው። «ቀን ቀን ይጠጡታል።»

«ማን ነው የሚጠጣው?»

«አንቱ ነዎታ። መርዋ ነግራኛለች። ሐኪሟ ከልክላለች።»

 ሸሁ ለደረሳ እንደሚያስረዱ አስረዷት። «ኑርጃን፣ ፈቃዱ ለበሽተኛ ነው። እኔ ታምሜ ነበር፤ አሁን ድኛለሁ። ሕመም የለብኝ፣ ደም የለብኝ። ሳልታመም ታምሜያለሁ ብዬ በልቼ በአላህ ፊት በምን እቆማለሁ? ውሃውን ደግሞ ሌሊት እጠጣዋለሁ። ሆዴ የቀንና የሌሊት ውሃ አይለይ።»

«ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይሉት ነበር?»

 ተነስተው ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ።

ደጋ ላይ የክረምት ጾም ቀላል ነው። ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ አይነሳም፤ ጥም የሚባል የለም። ያ ነው ያሳሳታቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማታ ጾሙን ካፈጠሩ በኋላ ኩባያ በኩባያ ላይ እያስከተሉ ጠጡ፤ ሌሊቱን ሲነሱ ሲተኙ አደሩ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከንጋት በፊት የሚበላው ሱሑር አይወርድለትም። ቀስ በቀስ ኩባያው አነሰ። ማስቀራቱን አላቋረጡም፤ ጠዋት መደቡ ላይ ናቸው፣ ማታ ተራዊህ ያሰግዳሉ።

ከረመዳኑ እኩሌታ በፊት ጎናቸውን ይከብዳቸው ጀመር። የቀድሞው ስለት ያለው ሕመም አልነበረም፤ ሸክም እንደ ተሸከሙ ያህል የሚያደክም ነገር ነው። ሽንታቸው አነሰ፣ ጠቆረ። ኑርጃን ጠየቀቻቸው።

«ሐኪሟ ሲወርድ ያምሃል ብላኛለች» አሉ። «የሚጠበቅ ነው።»

«ይህ መጥቆሩስ?»

«ደምም ይኖራል ብላለች። አብሽሪ።»

ሐኪሟ ሁለቱን እንዳያምታቱ ብላ የለየችላቸው ነገር በሳቸው አፍ አንድ ሆነ። የተነገራቸውን ቀላሉን ያዙ፤ ከባዱንም በሱ ስም ጠሩት። ማታ ማታ ብርድ ብርድ ሲላቸው ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው «የዘንድሮ ክረምት ጠነከረ» አሉ። ሁለቱ ሳምንት ሞልቶ አለፈ። መርዋ ደውላ ኑርጃንን ጋራው አናት ላይ ስታገኛት ለመምጣት እንዲነሱ ለመነች። ሸሁ ግን መንገዱ ጭቃ ነው፣ ከኢድ በኋላ ይሆናል አሉ። መንገዱም እውነትም ጭቃ ነበር።

የወደቁት ከሰዓት በኋላው አስር ሶላት ላይ ነው። እንደ ሁልጊዜው ከፊት ቆመው ያሰግዱ ነበር። ሁለተኛው ረከዓ ላይ ለሱጁድ ወረዱ፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ተከትሏቸው ወረደ። ሱጁዱ ረዘመ። ሸሁ አንዳንዴ ሱጁድ ያስረዝማሉ፤ ማንም አልተጠራጠረም። ግንባሩን መሬት ያስነካ ሁሉ «አላሁ አክበር» የሚሉበትን ተክቢራቸውን ይጠብቃል፤ ተክቢራው አይመጣም። ደጅ ላይ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነው። በመጨረሻ ከቀደሙት ደረሶቻቸው አንዱ የሆነው፣ ዛሬ ራሱ ጎልማሳና የልጆች አባት የሆነው ዒምራን ቀና አለ። ሸሁ እንደ ተደፉ ናቸው። ትከሻቸውን ቢነካ በጎናቸው ወደቁ። ገላቸው እንደ እሳት ይፋጃል፣ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል።

ካሳ ጩኸቱን ሰምቶ ከማሳው ሮጠ። ቃሬዛውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እየተፈራረቀ ያዘው። ጭቃው እግር ይይዛል፤ ከፊት ያለው ሲያዳልጠው ከኋላ ያለው ይሸከማል። ኑርጃን ከቃሬዛው ጎን እየሄደች ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ትነካለች። ሸሁ ነፍስ ሲያውቁ ፊታቸውን አዞሩ።

«አልመሸም» አሉ። «መግሪብ አልደረሰም።»

 ኑርጃን ጨርቁን አፋቸው ላይ ጨመቀችው።

መካነ ሰላም ላይ ግሉኮስ ተደርጎላቸው በመኪና ወደ ደሴ ተላኩ። ከአቀስታ ማዶ ባለው ብርዳም ሜዳ ላይ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተቀርቅሮ ስለነበር እዚያው አድረው፣ ደሴ በማግስቱ ገቡ። ቀዶ ሐኪሙ ወዲያው ከጎናቸው ቱቦ አስገብቶ ሲያፈስሰው የወጣው ሽንት አልነበረም፤ መግል ነው። ሐኪሞቹ ጥቂት ቀን ጠበቁ። መርዙ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ስለነበር ትኩሳቱ አልበረደም። ከዚያ ኩላሊቱን አወጡት። ኑርጃን ስትፈራው የኖረችው ቢላ መጣ፤ ያውም ለድንጋይ አልሆነም።

መርዋ ከአዲስ አበባ ደርሳ ነበር። እናትና ልጅ ከሐኪሙ ፊት ቆሙ።

«ማሽኑ ነው ኩላሊቱን የገደለው?» አለች ኑርጃን።

ሐኪሙ ደክሞታል፤ ቢሆንም ቁጭ ብሎ ነገራት። «ማሽኑ ድንጋዩን ሰብሮታል እናቴ። ስባሪው ግን መውጣት አለበት። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ ቀጭን ነው፤ ስባሪው እዚያ ውስጥ እንደ ኮረኮንች ተደርድሮ ዘጋው። ከላይ ያለው ሽንት መሄጃ አጥቶ መገለ።»

«ስለ ጾሙ ነው?»

«ጾሙ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ውሃ እየጠጣም የሚዘጋበት ሰው አለ። ውሃ ማጣቱ ግን አባብሶታል። ትኩሳቱ የጀመረ ሰሞን ቢመጡ ኖሮ ደግሞ ቱቦ አስገብተን፣ ኩላሊቱን እናተርፈው ነበር።»

ኑርጃን ብርድ ብርድ ያላቸውን ማታዎች በልቧ ቆጠረች። በየማታው ጋቢ የደረበችላቸው እሷ ነበረች።

ሸሁ ከሆስፒታል የወጡት ኢዱ ካለፈ፣ መስቀልም ከተከበረ በኋላ ነው። ሲወጡ ተነገራቸው፦ የቀረው አንዱ ኩላሊትም ጠንካራ አይደለም፤ ደም ግፊትም ተገኝቶባቸዋል፤ ውሃ ሳይጠጡ መዋል ከእንግዲህ በሕይወታቸው ሙሉ የለም። ዘንድሮ ብቻ አይደለም። ሸሁ ይህን ሲሰሙ እንባቸው ወረደ። ኩላሊታቸው እንደ ወጣ ሲነገራቸው አላለቀሱም ነበር።

ቤት ከገቡ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ኑርጃን ቁስላቸውን ስታጥብ ድንገት እጇን አቆመች።

«ለዓለሙ ሁሉ ሲያቀሉ ኖሩ» አለቻቸው። «ለእኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አላቀለሉልኝም። እዚህ ቁጭ ብዬ ሲሞቱ አያለሁ፣ ውሃው አጠገቤ ነው፣ ማጠጣት አልችልም። እኔን ያሰቡኝ ቀን አለ?»

 «አውፍ በይኝ» አሉ ሸሁ ቀስ ብለው። እሷም ጨርቁን ጨምቃ ማጠቧን ቀጠለች። 

በአገሩ የተወራው ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ማሽን የሸህ ኑርሁሴንን ኩላሊት ሰባበረው ተባለ። ወሬው በገበያው ሁሉ ዞረ፤ ኩታበር ድረስ ተሰማ የሚል ሰው ነበር። ሸሁ ጠያቂ ሲመጣ እንዲህ አይደለም ቢሉ ማን ይቀበላቸዋል? ውሃ ባለመጠጣቴ ነው ሲሉ ሰው ትሕትና አደረገው፤ አንዳንዱም ፊቱን አጨማደደ። ጾም ሰው ይጎዳል እያሉ ነው ወይ የሚል ነገር ከዚህም ከዚያም ተንሾካሾከ። ሸሁ ተጨነቁ። ዝም ቢሉ ሰው ሕክምናን ይሸሻል፣ ቢናገሩ በጾም ላይ ጣት የጠቆሙ ይመስላሉ።

ዝም ማለት ያልቻሉት በብርሀንነሽ ጊዜ ነው። የካሳ ሚስት በዚያው ዓመት ጥር ላይ ጎኗን ይዟት አልጋ ላይ ዋለች። ድንጋይ ነው ተባለች። ካሳ ሊያሳክማት ተነሳ፤ እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። ሸሁ በምርኩዛቸው እየተደገፉ በአጥሩ ቀዳዳ ዘልቀው ሄዱ።

«ለምን አትሄጂም?» አሏት።

«በአንቱ አየሁት» አለች ብርሀንነሽ። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። «ያየሁት ይበቃኛል።»

«ያየሽው ማሽኑን አይደለም። እኔን ነው። ሐኪሟ ነግራኛለች፤ ውሃ ጠጣ አለችኝ፣ አልጠጣሁም። ትኩሳት ከመጣ ሂድ አለችኝ፣ አልሄድሁም።»

ካሳ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ሰማ። «ሸህ፣ ይህን ደጋግመው ባይናገሩት ይሻላል» አለ። «ሰው ክፉ ነው። ጾም ጎዳኝ አሉ ብሎ ያወራብዎታል።»

«የጎዳኝ ጾሙ አይደለም ካሳ። አላህ ለበሽተኛ የሰጠውን ፈቃድ ናቅሁት። እኔን ጤነኛ ነህ ያለኝ ማን ነው? ራሴ ነኝ።» ከዚያ ወደ ብርሀንነሽ ዞሩ። «ያምሻል፣ አልዋሽሽም። ደም ታያለሽ፣ ጎንሽ ይበልዛል። ይህ ያልፋል። ትኩሳት ከመጣ ግን እንደ እኔ ብርድ ነው እንዳትዪ።»

ብርሀንነሽ ለሁለት ሳምንት ያህል አልተነሳችም። በመጨረሻ ስትሄድም የእሷ ድንጋይ ለማሽኑ ትልቅ ነው ተብላ በቀዶ ጥገና ወጣላት። ከስታ፣ ፀጉሯ ሳስቶ ተመለሰች፤ ግን ተመለሰች።

ሸሁም በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ፣ በካሳ ቤት የተናገሩትን ለመስጊዱ ሰው ተናገሩ። የተረዳቸው ነበር፤ ዒምራን አንዱ ነው። ያልተረዳቸውም ነበር።

የሚቀጥለው ረመዳን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ገባ። ኑርጃን በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ውሃ በኩባያ ይዛ መጣች። ከመደቡ ፊት ደረሶች ተቀምጠዋል። በሩን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አሏት።

«ልጆቹ ያያሉ።»

«ይዩ። ነገ ሲታመሙ ምን እንደሚያደርጉ ከየት ይማሩታል?»

ኩባያውን ተቀበሏት።  ግማሹን ጠጥተው ቆሙ፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆዩ፣ ከዚያ ቀሪውን ጨለጡት። ደረሶቹ ሁሉ ሉሃቸው ላይ አቀረቀሩ። ለዚያ ቀን አንድ ሚስኪን አበሉ፤ ለየቀኑም እንዲሁ አደረጉ።

ልጁን ያስወጣ አባት ነበር። «ረመዳን ላይ ውሃ የሚጠጣ ሸህ ጋ ልጄ አይቀራም» አለ፤ ሌላው ተከተለው። ከአጅባር በኩል መጥተው ያደሩ የነበሩ ደረሶችም ሌላ ሸህ ፈልገው ሄዱ። ማሰገዱን ለዒምራን ካስረከቡ ቆይተዋል፤ ረጅም መቆም አይችሉም፣ ውዱአቸውም ብዙ አይቆይላቸውም። በኋለኛው ሰልፍ ግድግዳ ተደግፈው፣ ተቀምጠው ይሰግዳሉ። መደቡ ላይ የቀሩት ጥቂት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ እነሱንም እስከ መጨረሻው አስቀሩ።

በ2006 እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ፊታቸው ጠዋት ጠዋት ይነፋል፣ ምግብ ይሸታቸዋል። ደሴ ሄደው የቀረው ኩላሊት እየቆመ መሆኑ ተነገራቸው። ደም በማሽን የሚታጠብበት አዲስ አበባ ነው፣ ያውም በየሳምንቱ፣ ዕድሜ ልክ። መርዋ እዚያው እኔ ጋ ይኑሩ ብላ ለመነች። ኑርጃንም ልትሄድ ተሰናድታ ነበር። ሸሁ ግን አልተነሱም። ይህኛው እንደ ቀድሞው ግትርነት አልነበረም፤ አቅም ነው ያለቀባቸው። «በአውቶቡሱ አልደርስም» አሉ፤ ያየ ሁሉ እውነታቸውን እንደሆነ አወቀ።

የካቲት ላይ፣ ገብሱ ከአውድማ ከገባ በኋላ፣ ከቀትሩ ዙህር ሶላት በፊት ሞቱ። በዚያው ቀን አስር ላይ ተቀበሩ። መርዋ ከአዲስ አበባ የደረሰችው በማግስቱ ነው።

ከእናቷ ጎን ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አላነባችም። ከዚያ «ኢንሻአላህ ሲሉ ሰምቻቸው ነበር» አለች። «ሐኪሟ አይጹሙ ስትል። እንደማይሰሙ አውቄያለሁ። እዚያው ተናግሬ ቢሆን፣ ሐኪሟን በትኩሳት ይሞታሉ በያቸው ብዬ ቢሆን...»

«እኔስ?» አለች ኑርጃን። «ጋቢውን ማን ደረበላቸው?»

 ደጅ ላይ ለለቅሶ የመጣ ሰው ድምፅ ተሰማ፤ ከቆላ በኩል የመጡ፣ ሞታቸውን ዘግይተው የሰሙ ሰዎች ናቸው። ኑርጃን ነጠላዋን አስተካክላ ልትቀበላቸው ተነሳች።